ያልቀመስኩት ስኳር

አባቴ በሕይወቱ የመታኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስኳር ልቀምስ ጣቴን ስዘረጋ።

ይህን የሚሰማ ሁሉ “ለስኳር ብሎ?” ማለቱ አይቀርም። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የምለው። በስስት የማይታማ ሰው፣ በዒድ ቀን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኪሱን የሚገለብጥ ሰው፣ ለቁንጥር ስኳር እጄን በጥፊ መታኝ።

የምንኖረው ናብሉስ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከሳሙና ቤታችን ጀርባ ነበር። ሳሙና ቤቱ የአያቴ ነው፤ ከእሱ በፊትም የአባቱ። ታች እሳቱና መሬት ውስጥ የተቀበረው የመዳብ ጋን አለ፤ ላይ ደግሞ ሳሙናው ወለል ላይ ተዘርግቶ የሚቆረጥበት ሰፊ አዳራሽ። ከኩሽናችን ወደ ጋኑ በውስጥ ደረጃ ይወረዳል። ስለዚህ ትራሳችንም፣ ዳቦአችንም፣ ደብተሬም የወይራ ዘይት ይሸቱ ነበር። ትምህርት ቤት ልጆቹ “ታጥበሽ ነው ወይስ ተቀቅለሽ የመጣሽው?” ይሉኝ ነበር።

አባቴ ሺሃደህ ባለቤቱ ነው። ዘይት ይገዛል፣ ሳሙና ይሸጣል። ጋኑ ግን የፋኽሪ ነበር። ፋኽሪ ሠላሳ ዓመት ሳሙና ያበሰለ ሰው ነው፤ መድረሱንም የሚያውቀው በምላሱ ነው። በረጅም እንጨት ጫፍ ትንሽ ያነሳል፣ እፍ እፍ ይልበታል፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ያደርገዋል። ከነከሰው ገና ነው። ካልነከሰው እሳቱን ያጠፋል። እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ “አጎቴ ፋኽሪ፣ ደረሰ?” እለዋለሁ።

“ዛሬም ይናከሳል” ይለኛል፤ “እንዳንቺው።”

ከዚያ ወዲህ ስሜ ተናካሿ ሆነ። ልጁ ሂያም የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት በኋላ አብረን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሲቀምስ እናየዋለን፤ ፊቱን ከጨመደደ እኔ አሸነፍኩ፣ ካልጨመደደ እሷ። እኔ መጠበቅ አልወድም ነበር። አሁንም አልወድም። ፋኽሪ ግን ማንም ሲያስቸኩለው የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።”

ሳሙና ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ ነው የሚሠራው። ሶዳው በብረት በርሜል ይመጣል፤ በርሜሉ ሲቀደድ ውስጡ እንደ ነጭ አለት የደረቀ ነው። ፋኽሪ በመዶሻ እየፈለጠ የሰው ራስ የሚያህሉ ድንጋዮች ያደርገውና ጥልቁ ገንዳ ውስጥ ይጥላቸዋል። ከዚያ አራት ባልዲ ውሃ፣ ተከታትሎ፣ ከላይ ያፈስበታል። ገንዳው እንደ አሮጊት ድመት ያፏጫል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቀስ ብሎ ይሟሟል።

ዛሬ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዬ ውሃ ወደ ሶዳ ስትጨምር ባያት ከላብራቶሪ አስወጣታለሁ፤ ሶዳ ነው ወደ ውሃ የሚጨመረው። ግን ድንጋይ ይታገሣል። ውሃው የሚያገኘው ቆዳውን ብቻ ነው፤ ሌላው ውስጥ ተደብቆ ተራውን ይጠብቃል። ፋኽሪ ሠላሳ ዓመት ሳይቃጠል የኖረው በዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ከተማው የሰዓት እላፊ ታወጀበት። ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ቀኑንም ጭምር። ከተማውን የያዙት ወታደሮች በስድስት ቀን አንዴ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ይፈቱናል፤ ሰው ሮጦ ዱቄት ይገዛል፣ ሮጦ ሬሳ ይቀብራል፣ ሮጦ ይገባል። ጋናችን ውስጥ ግን ከአዋጁ በፊት የተሞላ ዘይት ነበር። አማን ከተማ ያለው ነጋዴ ደግሞ ሳሙናው በወሩ መጨረሻ ካልደረሰው ከሌላ እንደሚገዛ መልእክት ልኮ ነበር። አባቴ ያን መልእክት እየደጋገመ ለእናቴ ይነግራት ነበር፤ እኔ አማን የሰው ስም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እላፊው ተነስቶ ፋኽሪ ሲመጣ ሁለቱ ጋኑ አጠገብ ሲነጋገሩ ከደረጃው ላይ ሰማሁ።

“እሳቱን ጨምርበት” አለ አባቴ።

“ብጨምርበት ይነሳና ጫማህ ውስጥ ይገባል።”

“ፋኽሪ፣ ያለን አራት ሰዓት ነው።”

“አራት ሰዓት ላንተ ነው። ሳሙናው ሬዲዮ አይሰማም።”

“ሶዳው እስኪሟሟ ብቻ አንድ ቀን። ከዚያ አንተ ቤትህ፣ እኔ ቤቴ፣ ሌላ ስድስት ቀን። እስከ መቼ ነው?”

“እስኪሟሟ።”

“አንተ እኮ ከምላስህ ሌላ የምታውቀው የለም።”

“አንተስ ከሚዛንህ?”

ተሳሳቁ። የሚሟገቱት ስለ ሬዲዮው መስሎኝ ወደ ላይ ወጥቼ ሬዲዮውን ደበቅሁት፤ በዚህም እናቴ ተቆጣችኝ።

ቀጣዩ መፈቻ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከታች የመውቀጥ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች። ወረድኩ።

አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል። አፍና አፍንጫውን በእናቴ ሻርፕ አስሯል፤ እጆቹ ላይ ካልሲ አጥልቋል፣ ካልሲ ላይ ካልሲ። በጉልበቶቹ መሃል የእናቴ የነሐስ ሙቀጫ ነበር። አጠገቡ አንድ ሰፊ ትሪ፣ ትሪው ላይ ክምር ነጭ ዱቄት፤ በትንሿ መስኮት የገባው ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ሲያየኝ ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ።

“ምንድን ነው?” አልኩ።

“ስኳር” አለ ከሻርፑ ስር።

“የምን ስኳር?”

“የዒድ። መዓሙሉ ላይ የሚነሰነስ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ድንገት ላስደስታት ነው።”

መዓሙል በተምር የሚሞላው የዒድ ብስኩታችን ነው። ለዒድ ገና አንድ ወር ነበር። በከተማው ውስጥ ስኳር የሚባል ነገር ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሻያችንን መራራውን ነበር የምንጠጣው። አባቴ ግን ይኸው፣ አንድ ትሪ ሙሉ። ኮራሁበት። ካልሲውንና ሻርፑንም ወዲያው ተረዳኋቸው፦ ስኳሩ እንዳይቆሽሽ ነው። ጣቴን ዘረጋሁ።

በጥፊ መታኝ። እጄ ወደ ደረቴ ተመለሰ። ከማልቀሴ በፊት አንጠልጥሎ ወደ ቧንቧው ወሰደኝና ውሃውን ለቀቀው። በዚያን ሰሞን የነበረችን ውሃ ጣሪያው ላይ ባለው ታንከር ያለችው ብቻ ናት፤ እናቴ ሰሃን የምታጥበው በአንድ ኩባያ ነበር። እሱ ግን ጣቴን ይዞ ውሃው ዝም ብሎ እንዲፈስ ተወው።

“ነካሽው? ነካሽው ወይ?”

“አልነካሁም።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

ከዚያ አቼቶ አምጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ። ለቁንጥር ስኳር እንዲህ የሚሆን ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ አለቀስኩ።

“ለማንም አትናገሪም” አለኝ።

“ለማንም።”

“ለአጎትሽ ለፋኽሪም።”

“ለማንም አልኩህ።”

እናቴ ሙቀጫዋን ከዚያ ቀን በኋላ አላየችውም። ጎረቤት የወሰደባት መስሏት ሦስት ሴቶችን አኩርፋለች።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ የወታደሮቹ መኪና በድምፅ ማጉያ መፈታታችንን ተናገረ። ፋኽሪ እያለከለከ ደረሰ። ከፀሐይ ነው የገባው፤ መብራት የለም፤ ታችኛው ቤት በቀትርም ጨለማ ነው።

“ሶዳውን ጨምሬልሃለሁ” አለው አባቴ። “ውሃው ብቻ ነው የቀረህ።”

“ባለቤቱ መሥራት ጀመረ?” አለ ፋኽሪ ሸሚዙን እየጠቀለለ። “የቂያማ ቀን ደርሷል በለኛ። ተናካሿ፣ አባትሽን ምን አብልታችሁት ነው?”

ስኳር ልል ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩ።

አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ሳበኝ። ስድስት ቀን ሙሉ መንገድ አላየሁም ነበርና መንገዱን ሊያሳየኝ መሰለኝ፤ ወደ ውጭ ዞርኩ። አንዲት ሴት ሁለት ከረጢት ዱቄት ተሸክማ ስትሮጥ አየሁ። ከኋላዬ የመጀመሪያው ባልዲ ሲደፋ ሰማሁ።

ገንዳው እንደ ድመት አላፏጨም። ጮኸ። ዞር ስል ከገንዳው አፍ ነጭ ነገር ተነስቶ የፋኽሪን ራስ ሸፍኖታል፤ ባልዲው ከእጁ ወድቆ ይሽከረከራል። እሱ አልጮኸም። “ውሃ” ነው ያለው፣ በመደበኛ ድምፁ፣ ለምሳ ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያ በዳበሳ ሁለተኛውን ባልዲ አገኘና ፊቱ ላይ ደፋው። ቆዳው ተረፈ ማለት ይቻላል። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ኬላ ነበር። ዓይኖቹ አልተረፉም፤ ሁለቱም።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል። ጥፋቱ የአባቴ ከሆነ አባቴ በሰው ፊት ቆሞ “በኔ ነው” ይላል፤ የፋኽሪ ቤተሰብ መተዳደሪያም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ላይ ነው። ጥፋቱ የፋኽሪ ከሆነ ግን ዓይኑን ያጠፋው ራሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብስሎ መጨረሻ ላይ ውሃ ማፍሰስ ያልቻለ ሰው ተብሎ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማውቀው ፋኽሪ “ልጅቱን ይዛችሁ ኑ” ብሎ መላኩንና አዲሱን ቀሚሴን መልበሴን ነው።

የፋኽሪ ክፍል በወንዶች ተሞልቶ ነበር። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ በነጭ ጨርቅ ታስረዋል። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሲኒ ቡና ተሰጠ፤ ሁሉም ሲኒውን ወለሉ ላይ አኖሩት። ጠያቂ ሆኖ የመጣ፣ ጥያቄው ሳይመለስለት አይጠጣም። የቤቱ ባለቤት “ጠጡ” ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ሲኒው እንደሞላ ከተነሳ ግን እምቢ ተብሏል።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጅ ናጂብ ነበሩ፤ የጨርቅ ነጋዴ። ስለ ሳሙና የሚያውቁት መታጠቡን ነው።

“ድንጋይ እንዲህ አያደርግም” አለ ፋኽሪ። “ሶዳው ተወቅጦ ነበር። አልተነገረኝም።”

“የሁልጊዜው በርሜል፣ የሁልጊዜው መጠን ነው” አለ አባቴ። “ባልዲውን ባንዴ ዘረገፈው። አልፈርድበትም፤ ሁላችንም ቸኩለን ነበር።”

“እሺ ይወቀጥ” አሉ ሐጅ ናጂብ። “አንድ ኪሎ ድንጋይና አንድ ኪሎ ዱቄት ሚዛን ላይ ብናወጣ ማን ይበልጣል?”

አንዳንዶቹ ሳቁ።

“ሐጅ፣ ነገሩ የሚዛን አይደለም።”

“ክብደቱ ያው ነው፣ ፋኽሪ። ክብደቱ ያው ከሆነ ጉልበቱም ያው ነው። ሶዳ ሶዳ ነው።”

ፋኽሪ ጨርቅ የታሰረ ፊቱን እኔ ወደሌለሁበት ጥግ አዞረ። “ልጅቱ እዚያ ቤት ነው የምትውለው። ልጅ አይዋሽም። ጠይቋት።”

ሐጅ ናጂብ ጠሩኝ። “የኔ ልጅ፣ አትፍሪ። አባትሽ ሶዳ ሲወቅጥ አይተሻል?”

አባቴን አየሁት። እሱ ሲኒውን ነበር የሚያየው።

“አላየሁም” አልኩ።

እውነቴን ነበር። ምን ሲወቅጥ አየሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር፤ ምስጢር ነዋ፤ ለእናቴ የታሰበ የዒድ ስኳር። በእኔ የኮራ መስሎኝ እንደገና ወደ አባቴ አየሁ።

ፋኽሪ ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ። ከዚያ “ጠጡ” አለ።

ሁሉም ሲኒአቸውን አነሱ። ያን ቀን ስለ ፋኽሪ ያሰብኩት እንግዳ አክባሪ መሆኑን ነው።

ሂያም ከዚያ በኋላ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ዒድ መጣ፤ መዓሙሉ ላይ የተነሰነሰ ነገር አልነበረም። አባቴን “ስኳሩስ?” አልኩት። “ረጠበ” አለኝ።

የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ትምህርቱ የኬሚካል ለውጥን የሚያፈጥኑ ነገሮች ላይ ነበር፦ ሙቀት፣ የፈሳሹ መጠንከር፣ የጠጣሩ መድቀቅ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ቁራሽ ጠመኔ፣ ሌላው ውስጥ በክብደት እኩል የሆነ የተወቀጠ ጠመኔ፤ በሁለቱም ላይ አሲድ። ቁራሹ ቀስ ብሎ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ዱቄቱ ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከመውቀጫው ድምፅ ጀምሮ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣልኝ፤ ሻርፑ፣ ካልሲው፣ ውሃው። ተነስቼ የሮጥኩ ይመስላችኋል? ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ ሪፖርቱን ጽፌ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ያን ዩኒቨርሲቲ የሚከፍልልኝ አባቴ ነበር። መጠበቅ እንደማልወድ ሁሉም ይመሰክርልኛል፤ ይህችን ግን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አቆየኋት።

ዘንድሮ ያንኑ ትምህርት ሳስተምር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። “ሚስ፣ ክብደቱ እኮ ያው ነው” አለች። “ለምንድን ነው የሚለያዩት?” የሐጅ ናጂብ ቃል ነው፤ አጥንቶቼ ድረስ ሰማሁት።

በዚያ ቀን ከትምህርት ስወጣ በአባቴ ቤት አለፍኩ። ብርቱካን እየላጠ ነበር።

“አባዬ፣ ያ የዒድ ስኳር ከየት ነበር የተገኘው?”

ቢላው ቆመ። የብርቱካኑ ልጣጭ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

“ያኔ እኮ ሰዓት እላፊ ነበር” አለ። ከዚያ ግማሹን ብርቱካን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

የፋኽሪን በር የከፈተችው ሂያም ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ምን ፈልገሽ ነው?”

“አባትሽን።”

“ጠፍቶብሽ ነው? ሃያ ዓመት እዚሁ ነው ያለው።” ቢሆንም አሳለፈችኝ። “የሺሃደህ ልጅ ናት” አለችው ወደ ውስጥ።

“ተናካሿ” አለ ፋኽሪ። ሸብቷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ግድግዳው ያው ነው። “ቡና አምጪላት።”

ሂያም ሲኒውን ሰጠችኝ። ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁን ሰማ።

“ሽማግሌ ሆነሽ መጣሽ?”

“ጥያቄ አለኝ።”

“በይ ተናገሪ።”

ተናገርኩ። አባቴ ሶዳውን እንደወቀጠው፣ ሲወቅጠው እንዳየሁት፣ ስኳር ነው እንዳለኝ። ፋኽሪ አልደነገጠም።

“መወቀጡንማ አውቃለሁ” አለ። “የተቃጠለው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ያኔ አላየሁም ያልሽውም እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“ልጅ አይዋሽም ብያለሁ።”

“አጎቴ፣ ሐጅ ናጂብ በሕይወት አሉ። እሳቸው ፊት ልናገር። ገበያ መሃልም ቢሆን። ሰው ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልነበረ ይወቅ። ይፍቀዱልኝ።”

ፈገግ አለ። “አባትሽ ነጋዴ ነው። አባቱ ያስተማረው ሚዛን ነው እንጂ ገንዳ አይደለም። የተወቀጠ ሶዳ ምን እንደሚያደርግ ከየት ያውቃል? ሊያግዘኝ ብሎ ነው፤ ባለማወቅ። ደንግጦ ካደ፤ የልጆች አባት ነው፣ ይደነግጣል። ‘ጠጡ’ ያልኩት እኮ አንቺ አላየሁም ስላልሽ አይደለም። ያላወቀን ሰው ምን ትይዋለሽ? ይኸው በዚህ ነው የኖርኩት። ክፉ ሰው አላቃጠለኝም ብዬ።”

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እኔ የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ አልወድም፤ ደግሞም ማስረጃዬ ሁሉ እዚያው ነበር፣ በቅደም ተከተል፣ ተዘጋጅቶ።

“ልቀምሰው ጣቴን ስዘረጋ መታኝ” አልኩ። “ከዚያ እጄን አጠበኝ።”

“አጠበሽ?”

“በታንከሩ ውሃ። ከዚያ በአቼቶ። ከዚያ እንደገና በውሃ። ነካሽው ወይ፣ ነካሽው ወይ እያለ።”

ሂያም በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

“አቼቶ” አለ ፋኽሪ። “የሶዳ ማርከሻ።”

ከውጭ አትክልት ሻጭ ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቀ።

“ውሃውን ሳፈስስ የት ነበር የቆመው?”

አላየሁም ማለት እችል ነበር። አንዴ ብዬዋለሁ።

“በሩ ጋ” አልኩ። “ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ስቦኝ።”

ፋኽሪ ምላሱን ወደ ከንፈሩ ጫፍ አወጣ፤ እንደ ድሮው፣ ከእንጨቱ ጫፍ እንደሚቀምስ። ፊቱ ተጨማደደ።

“ጠጪ” እስኪለኝ ጠበቅሁ። መጠበቅ አልወድም፤ ጠበቅሁ። ቡናው ላይ ስስ ቆዳ ተዘረጋ። በመጨረሻ ሂያም መጣችና ሲኒውን እንደሞላ ከወለሉ አነሳችው።